ሁለት መስኮት ባንድ ጊዜ

መምህርት ቪዶሳቫ ከወንበር ስትነሳ መጀመሪያ ጉልበቷ ይጮሃል፣ ከዚያ ወንበሩ፣ ከዚያ እሷ። እዚህ ሰርቢያ ተራራ ላይ፣ በኛ መንደር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምራለች። አሁን ለጡረታ የቀራት ሁለት ዓመት፣ የቀሯት ተማሪዎች አራት ናቸው። ምድጃውን ራሷ ታነድዳለች፣ ወለሉን ራሷ ትጠርጋለች። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ይህን ሁሉ ሳልሰልል ነው የማየው፤ መጋረጃው ራሱ ነው የሚገለጥልኝ።

በዚህ የካቲት ከከተማ ደብዳቤ መጣላት። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ አራት ልጅ ካልቆጠረ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ያኔ ልጆቹ በየጠዋቱ ቁልቁል ወደ ከተማ በአውቶቡስ፣ እሷም በዚያ ጉልበቷ አብራቸው።

"ሁለት ዓመት ብቻ ይተዉኝ፤ ከዚያ ከፈለጉ የበግ ጋጣ ያድርጉት" አለችኝ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ እየከተተች።

ማክሰኞ ትምህርቱ ስለ አየር ነበር። አየር ቁስ ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ክብደት አለው፣ ይገፋል። ብርጭቆ ውስጥ መሐረብ ወትፋ፣ አፉን ወደ ታች ደፍታ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረችው። መሐረቡ ደረቅ እንደሆነ ወጣ።

"አያችሁ? ውኃው እንዳይገባ ቦታውን የያዘው አየሩ ነው።"

"ቦታ ሲይዝ አየን" አለች ዱንያ፣ የስምንት ዓመቷ ነገረኛ። "ሲገፋ ግን አላየንም።"

ድሮ ቢሆን ፊኛ ነፍታ ትለቅላቸው ነበር። ፊኛው ካለቀ ቆይቷል፤ የመንፋት አቅሟም እንደዚያው። ተነስታ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ከፈተች። ቀጥላ በትይዩ ያለውን።

ንፋሱ ደብተሩን ሁሉ አነሳው፣ በሩን ደረገመው፣ ካርታውን ከነሚስማሩ አወረደው። ልጆቹ በደስታ አበዱ። እኔ ግን ከቤቴ ሆኜ ሳይ እጄ ሳላዘው ፎጣ አንገቴ ላይ ጠመጠመ። የኛ መንደር ሰው ድብ ቢመጣበት ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሁለት የተከፈተ መስኮት መሃል ግን አይቀመጥም። ብርድ ይመታዋላ! ማታ ዱንያ እራት ላይ አንዴ አስነጠሰች። በቃ። ረቡዕ አንድም ልጅ አልመጣም።

የዱንያ አያት እማማ ዚቫና ያሉትን የቀሩት ልጆች እናቶች አይሽሩትም። ስለዚህ ቪዶሳቫ ከሰዓት በኋላ በበረዶው ላይ እያነከሰች ወደ እሳቸው ሄደች። እኔም ወንፊት ልመልስ እዚያው ነበርኩ። ወንፊቱ የራሴ ነው፤ ሌላ ሰበብ ስላጣሁ ነው።

"ሁለቱን?" አሉ እማማ ዚቫና ገና በር ላይ ሳለች። "አንዱን ብትከፍቺ እኮ ይሁን እል ነበር።"

"እማማ፣ አየር እኮ ነው።"

"አየር ውጭ ሲሆን ነው አየር። በሁለት መስኮት ከገባ በሽታ ነው። ባሌን ማን ገደለው?"

"ልባቸው አይደል እንዴ?"

"ልቡስ በምን ደከመ? ባቡር ላይ ሁለት መስኮት መሃል ተቀምጦ!"

"እህል ሲያዘሩ ገለባውን የሚገፋልዎ ማነው ታዲያ? እሱን ነው ያሳየኋቸው።"

"ገለባውን ይግፋ። የኔን ልጅ አይግፋ።" ይህን እያሉ ለጉልበቷ ብለው ትኩስ ራኪያ ቀዱላት፤ በአረቄው ጠብ የላቸውም። "ሁለት መስኮት ባንድ ጊዜ አይከፈትም ብለሽ ጻፊና በሩ ላይ ለጥፊው። ያኔ ልጆቹ ይመጣሉ።"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ? ነገ ደግሞ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለሽ ጻፊ ልትሉኝ ነው።"

"እሱን አንጠይቅሽም። ጠፍጣፋ ብትሆንም ማንንም ብርድ አይመታም።"

ቪዶሳቫ ራኪያዋን ጨርሳ፣ ምንም ሳትጽፍ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው አቶ ራዲሳቭ መጡ፤ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረቡ ሰፊ ሰው። የቀረውን ራሷ ነች የነገረችኝ። አራቱን ባዶ ወንበሮች አይተው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ "እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ" አሉ። የት ሄዱ ሲሏት እውነቱን ነገረቻቸው። የተማረ ሰው ነው፣ ይስቃል ብላ ነበር።

"ሁለቱን?" አሉ አቶ ራዲሳቭ። ምድጃው ስለሚያጨስ አንዱ መስኮት ገርበብ ብሏል። ወንበራቸውን ጎትተው ግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። "ይቺንም ይዝጓት እስቲ መምህርት፤ ወገቤን ልትይዘኝ ነው።"

 ቪዶሳቫ መስኮቱን ዘጋች። ወረቀት አወጣች፣ ጻፈች፣ ወጥታ በሩ ላይ ለጠፈችው።  ደክሟት ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

እማማ ዚቫና ከማለዳ ጀምሮ የኔ አጥር ላይ ተደግፈዋል። መንገዱን ተሻግረው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ወረቀቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ቁልቁል ወደ ቤቶቹ እጃቸውን አወዛወዙ። ወዲያው አራቱ ልጆች ከዓይናቸው በቀር እስከ አናታቸው በሻርፕ ተጠቅልለው መጡ።

ተቆጣጣሪው ቆጠሩ። አራት። "አየር ምንድነው?" ሲሉ ዱንያን ጠየቋት።

ሻርፑን ከአፏ አወረደች። "ቁስ ነው። ቦታ ይይዛል፣ ክብደት አለው፣ ይገፋል።"

"እንደሚገፋ በምን አወቅሽ?"

"በሩን ዘጋው፣ ካርታውን ጣለው። አያቴን ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ አላስባላትም።"

ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። ወረቀቱም አልተነሳም። ምድጃው ያጨሳል፣ አሁን አንዱንም መስኮት ለመክፈት የሚደፍር የለም፣ ቪዶሳቫ ሳምንቱን ሙሉ ስትስል ከረመች። እማማ ዚቫና ትኩስ ራኪያ ይዘውላት መጡ።

"አላልኩሽም? የማክሰኞው ንፋስ ነው።"

ጭሱ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ የቀራትን ሁለት ዓመት አሰበችና ኩባያውን ተቀብላ ጠጣች።