ያሳዘሉኝ ልጅ

እኔ ከተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ! ናዝሬት ውስጥ ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ግቢ ያደገ ሰው ደግሞ ባይጠረጥር ነው የሚገርመው። አንዷ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ግቢው ሁሉ ምሳዋ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ያን ሰሞን የጠረጠርኩት የግቢያችንን ሴቶች ነበር። ለማንም ሳልነግር ዐረብ አገር ልሄድ ተነስቻለሁ። ደላላዋ፣ «የኔ ቆንጆ» ከአፏ የማይጠፋ ሴትዮ፣ በመተሐራ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚያሻግር መኪና አግኝታልኛለች፤ ከዚያ ወዲያ በጀልባ ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መናኸሪያው ጀርባ ጠብቂ ብላኛለች። እሷን እንኳ አልጠረጠርኳትም፤ ጉዴን እዩልኝ!

የነቃችብኝ ጎረቤታችን ትመስለኛለች። ከወሎ የመጣች ሙስሊም ናት፤ ከእማዬ ጋር እንደ እህትማማች ናቸው። ሹሩባ ስትሠራኝ «እትዬ፣ ጠበቅ አድርጊው፤ ብዙ እንዲቆይልኝ» አልኳት። እጇ ቆም አለ። «ምነው፣ ሠርግ ልትሄጂ ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ዓይን፣ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ዓይን። ምንም ያላወቀች የመሰለችኝ እማዬ ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማዬ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ወጣች። ቦርሳዬን ከአልጋው ሥር ልስብ ጎንበስ ስል ጎረቤቴ ሕፃን ልጇን ይዛ ዘው አለች። እሺም እምቢም ሳልላት ጀርባዬ ላይ ለጥፋ በነጠላ አሰረችብኝ። «ሱቅ ደርሼ መጣሁ፣ ኢንሻአላህ» ብላ ወጣች። ሌላ ጊዜ «ወላሂ» ብላ ሳትምል ከቤታችን የማትወጣ ሴት! ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ።

ብጠብቅ ብጠብቅ ቀረች። ሄጄ ባይ በሯ በውጭ ተቆልፏል። የፊት ለፊቷን ሴትዮ «ልጁን ያዢልኝ» ብላት «ጉንፋን ይዞኛል፣ ይጋባበታል» አለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ጎረቤትም ጉንፋን። ጥግ ላይ ያሉት፣ በኦሮምኛ አኮ፣ አያታችን፣ የምንላቸው አሮጊት ደግሞ «ወገቤን፣ ልጄ» አሉኝ፤ ትናንት እኮ የጤፍ ጆንያ ብቻቸውን ሲጎትቱ አይቻቸዋለሁ! በዚህ በናዝሬት ሙቀት የምን ጉንፋን ነው? መክረውብኛል!

ስልኬ ጮኸ። «የኔ ቆንጆ፣ መኪናው አንቺን ብቻ ነው የሚጠብቀው።» ልጁ ደግሞ ርቦት ማልቀስ ጀመረ። እልህ ያዘኝ። ፈታሁትና እናቱ ደጃፍ ላይ ነጠላውን አንጥፌ አስተኛሁት፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የግቢው በር ጋ ስደርስ ለቅሶው ተቋርጦ ሲንሰቀሰቅ ሰማሁት። እግሬ እምቢ አለኝ። እናቱን ከነዘር ማንዘሯ እየሰደብኩ ተመለስኩና አዘልኩት። የስኳር ውሃ በማንኪያ ብሰጠው ተፋብኝ። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። መኪናው ሄደ ማለት ነው። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ከልጁ ጋር አለቀስኩ።

እማዬ ስትመጣ ዘንቢሏ ባዶ ነበር። አየችኝ። ከደረቷ ቁልፍ አወጣችና የጎረቤታችንን በር ከፈተች። ጎረቤቴ ከውስጥ ወጣች። ለካ ሱቅም አልሄደች፣ የትም አልሄደች! ልጇ ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል ብሎ እንዳትወጣ፣ እማዬን «ቆልፊብኝና ቁልፉን ይዘሽው ሂጂ» ብላት ኖሯል። ጡቷ ፈሶ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል።

ደጃፏ ላይ ሳስተኛው፣ ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ፣ ሁሉንም ከበሩ ወዲያ ሆና ሰምታለች ማለት ነው። ንዴቴ አልበረደልኝም።

«ጥዬው ብሄድስ ኖሮ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ኧረ ወዲያ! ማን ያሳደገሽ መሰለሽ?» አለችኝ። ልጁን ከጀርባዬ ልትፈታ ብትሞክር ብትሞክር ግን ቋጠሮው እምቢ አላት፤ የፈታችላት እማዬ ናት።