ገብስማዋ ዶሮ የጠፋችበት ሁዳዴ

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ የእኛ ሁዳዴና የጎረቤቶቻችን ረመዳን በተገናኙበት ወቅት ነው። ጉዳዩ የአንዲት ዶሮ መጥፋት በመሆኑ ለአንባቢ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያልፈታሁት አንድ ጥያቄ ስላለው ከአእምሮዬ አልወጣም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የማስረጃ ሕግ አስተምር ነበር። ምስክር ከልቡ አምኖ የሚናገረው ሁሉ እውነት ላይሆን እንደሚችል ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬአለሁ። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ቦታ እያመለከትሁ ብጽፍ ይሻላል።

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ከጓሯችን በላይ ያለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ባለቤቴ አስካለ ባረፈች ጊዜ ስድስት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ትታልኝ ሄደች። ማለዳ ማለዳ አሮጌ ካፖርቴን ደርባ፣ የስንዴ ግርድ በሳህን ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ በመስኮት አያት ነበር። ዶሮዎቹ ካፖርቱን ያውቁት ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ እኔ ስለብሰው ተከትለውኝ የመጡ ዕለት፣ ሳህኑን እንደያዝሁ ብዙ ቆምሁ።

ልጃችን ሰናይት ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ ከሳጥን ጣውላ በሠራሁት የመጀመሪያው የዶሮ ቤት ሸለምጥማጥ ገብቶ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ጨረሳቸው። ሥጋቸውን እንኳ አልበላም፤ አንገታቸውን እየነከሰ ደማቸውን መጥጦ ትቷቸው ሄደ። የገባው ቡጢ በማያስገባ ክፍተት ነበር። አስካለ ላባውን ስትጠርግ ቆይታ፣ "ለእነሱ ቤት የሠራህ መስሎህ ለእሱ ምግብ ቤት ከፈትህለት" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልወቀሰችኝም።

ሁለተኛውን ቤት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከመሬት ከፍ አድርጌ በድንጋይ ላይ አቆምሁት። ቀዳዳው ጣት የማያስገባ ሽቦ ዙሪያውን ወጠርሁበት፤ የሽቦውንም ጫፍ አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ቀብሬ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለበስሁት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መዝጊያው ባለ ሁለት መቀርቀሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ በሸለምጥማጥ አንድም ዶሮ አልጠፋብንም።

ከግንቡ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ዘይነባ ናት። ባሏ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አለው፤ ከስልጤ መጥተው እዚህ ሲገቡ ሰናይት ገና አልተወለደችም። በሁዳዴ እኛ ዕንቁላል ስለማንበላ ዶሮዎቹ የጣሉት ሁሉ በግንቡ ላይ ለዘይነባ ይሰጣል። አስካለ ስታደርገው የኖረችውን እኔም ቀጠልሁበት፤ ያ ያለ እሷ የመጀመሪያው ሁዳዴዬ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳንም ስለነበር፣ ዕንቁላሉን ስሰጣት "ለኢፍጣራችን ደረሰልን ጋሼ" ትለኝ ነበር።

ከደብረ ዘይት በፊት ባለው ሳምንት፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዶሮዎቹን ሳስገባ ገብስማዋ የለችም። ላባ የለም፣ ደም የለም፣ ሽቦውም አልተነካም። ከስድስቱ ሁሉ አስካለ የምትወዳት እሷን ነበር። በነጋታው ለሰናይት በስልክ ነገርኋት፤ እሁድ መጣች።

"አባዬ፣ ከመጥፋቷ በፊት በነበረው ምሽት መጀመሪያውኑ አስገብተሃታል?" አለችኝ።

"አስገብቻታለሁ።"

"ታስታውሳለህ?"

"እንደማስታውስ ይመስለኛል።"

ይህን መልስ ከሌላ ምስክር ብሰማው ኖሮ አልቀበለውም ነበር። እሷም አልተቀበለችውም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ሁለት ጊዜ ድስት እሳት ላይ ረስቼ አሳርሬአለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ የግቢውን በር ከፍቼ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። ከሷ ጋር እንድኖር መለመን የጀመረችኝም ያኔ ነው። ቤቷ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደግ ልጅ ናት፤ ክፍሌን እንኳ ቀለም አስቀብታ ነበር።

"ለፋሲካ ዶሮዎቹን ለሰው እንስጥና እኔ ጋ ትገባለህ። እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ አንተን ሳስብ መዋል አልቻልኩም" አለችኝ።

እሺ አልሁ። የተስማማሁት ስለ ዶሮዋ አልነበረም። አንድ ሰው በራሱ ቤት ብቻውን ሊኖር የሚችለው የዘጋውን በር መዝጋቱን እስካወቀ ድረስ ነው ብዬ ስላመንሁ ነው።

የቀሩትን ቀናት በጥንቃቄ አሳለፍሁ። በመቀርቀሪያዎቹ ላይ ቁልፍ ጨመርሁ፤ መክፈቻውን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁት። ሰናይት አይታ፣ "አባዬ፣ የባንክ ዘበኛ ሆነሃል እንዴ?" ብላ ሳቀች። ዘይነባን ግን ስለ ዶሮዋ አልጠየቅኋትም። በእኛ ሰፈር ጎረቤትን "ዶሮዬን አይተሻል ወይ" ብሎ መጠየቅ፣ ሌባ ሳይሉ ሌባ እንደ ማለት ይቆጠራል። በዚያ ዕድሜያችን ላስቀይማት አልፈለግሁም።

በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰናይት መጻሕፍቴን የምትከትበት ካርቶን ይዛ መጣች። ሁለቱን ሞልተን ሦስተኛውን ስንጀምር የግቢው በር ተንኳኳ። ዘይነባ ነበረች። በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ቅርጫት ታቅፋለች።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ። ሰኒ፣ መጥተሻል? ጥሩ። አደራዬን ላስረክብ ብዬ ነው" አለችና ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ጨርቁን ገለጠችው።

ገብስማዋ ነበረች። ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ከሥሯ ጫጩቶች ይንጫጫሉ።

ሰናይት ተንበርክካ፣ "ስንት ናቸው?" አለች።

"አይቆጠሩም። ዝም ብለሽ እዪ።"

"እትዬ ዘይነባ፣ እርስዎ ጋ ነበረች ማለት ነው?"

"ታዲያ የት ትሄዳለች? በየዓመቱ በጾማችሁ እኔ ጋ አይደል የሚታቀፉት? እናትሽ ያ ሸለምጥማጥ ከፈጃቸው ወዲህ የታቀፈች ዶሮ እዚህ ግቢ አሳድራ አታውቅም። የእኔ ዕቃ ቤት ግንብ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እንኳን ሸለምጥማጥ አይጥ አይገባውም። የተረፈውን የጾም ዕንቁላል እናስታቅፋታለን፤ ሲፈለፈል ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእናትሽ። ሃያ ዓመት ይሆነዋል እኮ።"

ሃያ ዓመት። በየፋሲካው በጓሯችን ጫጩት እንደሚኖር አውቅ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። እኔ መሬት ቆፍሬ ሽቦ እየቀበርሁ ዶሮ ጠበቅሁ ስል፣ አስካለ በሽቦዬ ሙሉ በሙሉ አልተማመነችም ነበር። ይህንንም ሳትነግረኝ አረፈች።

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። "አባዬ፣ እዚያ እንዳለች ታውቅ ነበር?"

ዘይነባ ቀድማኝ ጀመረች። "በዚያን ቀን እኮ ዕንቁላሉን በግንቡ ሲሰጡኝ..." አለችና ፊቴን አየች። ከዚያ ዓይኗ በረንዳው ላይ ወደ ተደረደሩት ካርቶኖች ሄደ፤ ከላይኛው ላይ የአስካለ ፎቶግራፍ ነበር።

"... ልነግራቸው ብዬ ረሳሁት" አለች። "በጾም አፌ ደርቆ፣ ራሴም ዞሮ፣ ምኑን ከምኑ ላስታውስ። ከየት ያውቁታል? ጥፋቱ የእኔ ነው። ይማሩኝ ጋሼ።"

ሰናይት ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ደግሞ አባዬን ስንት ነገር አልኩት" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሲመሽ መጻሕፍቱን መልሳ መደርደሪያው ላይ ደረደረች። "ለጊዜው ነው" አለችኝ። ባዶ ካርቶኖቹን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዘይነባን በግንቡ ላይ ጠራኋት።

"ዘይነባ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ነግረሽኝ ነበር?"

"ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?"

"ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"ነገርኩዎትም አልነገርኩዎትም ዶሮዋ ቤቷ ገብታለች። ይልቅ ጫጩቶቹን ከጭልፊት ይጠብቁ፤ ትናንት ሰማዩ ላይ ሲዞር ነበር።" ይህን ብላ ልብሷን ማስጣቷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቄአታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጭልፊት አወራችኝ።

አሁን በአእምሮዬ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። ዘይነባ ግንቡ ጋ ቆማለች፤ ዕንቁላሉን ተቀብላኝ "ገብስማዋን ወስጃታለሁ" ትለኛለች፤ እኔም "እሺ" እላለሁ። ሻርፗ አረንጓዴ ነው። ይህ ሥዕል ከዚያ ቅዳሜ በፊት ነበረኝ ወይስ ዘይነባ ዐረፍተ ነገሯን ስትጀምር ነው የተሣለው? ለዓመታት ያስተማርሁት ይህንኑ ነበር፤ ለራሴ ሲደርስ ግን ልለየው አልቻልሁም።

ለዘይነባ ያለኝ ምስጋና ትልቅ ነው። ባትዋሽልኝ ኖሮ ይህን የምጽፈው ከሦስተኛ ፎቅ ነበር። መዋሸቷን ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባትም እውነቷን ይሆናል። እኔን የሚያሳፍረኝ ያን ቀን ልጄ ስትጠይቀኝ አፌን ዘግቼ፣ ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ ጥፋተኛ ሲሆን ማየቴ ነው።

ለሰናይት ፊት ለፊት ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ወሬ ቀይሬአለሁ። ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት፤ እንደምታነበው አውቃለሁ። ልጄ ሆይ፣ ተነግሮኝ ረስቼ ከሆነ መርሳቴን ማወቅ ይገባሻል። ካልተነገረኝም፣ እርግጠኛ መሆን እንዳልቻልሁ ማወቅ ይገባሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ ነይና እንነጋገር፤ የምትወስኚውን አልቃወምም። ከሰዓት በኋላ ብትመጪ ጓሮ ታገኚኛለሽ።