ተራ የማይሸጡት አባ ኤሌማ

አባ ኤሌማ ካንቾራ ሀብታም ሆነው አያውቁም፤ ያላቸው አራት ላም ነው። ግን በቦረና ምድር ባለ አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ያለ እሳቸው ቃል የማንም ከብት ውሃ አይቀምስም። አባ ሄሬጋ፣ ማለትም የጉድጓዱ የተራ ዳኛ ናቸው፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው «ተራዬን በሉኝ» ብሎ አልከሰሳቸውም። በዚህ ይኮራሉ፤ ኩራታቸውንም አይደብቁም።

በድርቁ ዓመት አንድ ጠዋት ሀላኬ ሶራ ሶስት መቶ ከብቱን እየነዳ መጣ። የመጀመሪያው ተራ ግን የታላሶ ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ላም ብቻ የቀራት ሴት ናት። ዛሬ ካልጠጡ ቀጣዩ ተራዋ ከሶስት ቀን በኋላ ነው፤ ላሞቹ እስከዚያ በእግራቸው አይቆዩም። ከታላሶ ቀጥሎ ሀላኬ፣ በመጨረሻ የአባ ኤሌማ የራሳቸው ላሞች።

«አባ ኤሌማ፣ ለሁለት አጥንት ብለው የኔን መንጋ ፀሐይ ላይ ሊያቆሙት ነው?» አለ ሀላኬ። «ጉድጓዱ ሲደረመስ ስምንት ወይፈን አርዶ ቆፋሪ የቀለበው ማን ሆነና?»

«አንተ ነህ፣ ተመስገን። ሥጋውንም በልተናል፣ ይጣፍጥ ነበር። ተራ ግን አልገዛህበትም!»

ሰው ሳቀ። የሀላኬ ፊት ጠቆረ።

«እንግዲያው ራሷ ትቅዳ!» ብሎ ልጆቹንና እረኞቹን ከጉድጓዱ አስወጣ። ቀልድ አልነበረም። ውሃው የሚወጣው ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ የቆሙ ሰዎች ባልዲ ሲቀባበሉ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

«ይተዉት አባቴ፣ የደሃ ነገር...» አለች ታላሶ።

«ዝም በይ! ያንቺን ዛሬ ከሸጥኩ ነገ የማንን ልጠብቅ ነው?»

ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ እስከ ውሃው ወረዱ። የታላሶን ላሞች በስም እየጠሩ ይዘፍኑ ጀመር። በቦረና ውሃ የሚቀዳ ሰው ለሚጠጡት ከብቶች እንዲህ ይዘፍናል፤ ከጉድጓድ ዘፈን እየተሰማ እጅን አጣጥፎ መቆም ነውር ነው። መጀመሪያ ጃርሶ የሚባል ሽማግሌ ወረደ፤ ከዚያ ዙሪያውን የቆሙት ሌሎቹ ተከታተሉ። ሁለቱ ላሞች ሆዳቸው እስኪነፋ ጠጡ።

«በሉ እንውጣ!» አለ ጃርሶ። «ሀላኬ የራሱን ይቅዳ፣ ይቅመሳት!»

«ወዴት ወዴት? ቀጥሎ የማን ተራ ነው?»

ጃርሶ አጉረመረመ። «የሀላኬ።»

«ታዲያ ባልዲውን አቀብለኛ!»

አባ ኤሌማ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆመው የሀላኬን ወይፈኖች በስም እየጠሩ ዘፈኑ። ሀላኬ ከላይ ሆኖ ሰማ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ወረደ።

«ይውጡ አባ፣ እኔ እቆማለሁ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

«ልውጣ እንጂ! ለሶስት መቶ ከብት ማን ወገብ አለው?»

የአባ ኤሌማ አራት ላሞች ከሁሉም በኋላ፣ ጥላ ሲረዝም ጠጡ። ከታች ሆኖ የቀዳላቸው ሀላኬ ነበር፤ ስማቸውንም አንድ በአንድ ያውቀው ነበር።