በሰዓት ሦስት አዲስ ሥራ

እናንተስ፣ ሰው ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ቆማችሁ ስትቆጥሩበት፣ ሠሪውም ቆጣሪውም ግራ ተጋብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ላይ ደርሷል። በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ሐዋሳ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ክፍላችን የከተማዋ የፈጠራ ሥራ፣ ማለትም ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ፎቶው፣ ሽመናው ምን ያህል ምርት እንደሚሰጥ ለመለካት ተነሣ። ለእኔ ዓሣ የሚወጣበትና የሚበለትበት የሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ደረሰኝ። የመለኪያውን ዘዴ ያወጣሁት ራሴ ስለሆንኩ ኮርቼበት ነበር። ባለሙያውን አንድ ሰዓት ትመለከታለህ፤ ከቀደመው የሚለይ ነገር በሠራ ቁጥር አንድ ጭረት ትጭራለህ። ሦስትና ከዚያ በላይ ካገኘ ሥራው “ፈጠራ”፣ ካነሰ “ንግድ” ይባላል። ቀላል፣ ግልጽ፣ በማስመሪያ የተሰመረ።

እዚያ ሐይቁ ዳር ለሠላሳ ዓመት ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ አዛውንት አሉ፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ሰውን ከአባ ኮዳ ጎን እያቆሙ ያነሳሉ። አባ ኮዳ ማለት ያ የዓሣ ትርፍራፊ የሚለቅመው፣ መላጣው፣ ቁመቱ ደረት የሚደርሰው፣ ሁልጊዜ ጡረታ የተከለከለ ሠራተኛ የሚመስለው ወፍ ነው። ታዲያ በዚያ ሰሞን ከማዘጋጃ ቤቱ፣ በጥናታችን “ፈጠራ” የተባሉት ብቻ ሐይቁ ዳር ይቀራሉ፣ “ንግድ” የተባሉት ወደ ገበያ ይዛወራሉ ተብሎ ነበር። ስለዚህ ቅጹን ሳወጣ ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

“መምህር፣ አደራ፣ በደንብ ቁጠረኝ። ገበያ መሃል የምን ፎቶ አነሳለሁ? የሽንኩርት?”

“እርስዎ ብቻ እንደወትሮዎ ይሥሩ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት” አልኳቸው።

መጀመሪያ ሙሽሮች መጡ፤ አንድ ጭረት ጫርኩ። ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ መጣ፣ ከዚያ ተማሪዎች። ሰው፣ ወፍ፣ ሐይቅ። ሰው፣ ወፍ፣ ሐይቅ። ሃምሳ ደቂቃ አለፈ፤ ጭረቱ ያው አንድ ነው።

“ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ እኮ።”

“አንድ ዓይነት? ሰውየው ተለውጧል!”

“ሰውየው የእርስዎ ፈጠራ አይደለም።”

“ታዲያ የማን ነው? የእናቱ? ሂድና እሷን መዝግባት!”

አጠገባችን ዓሣ የምትበልት ሴት ቢላዋዋን ጥላ ሳቀች። “መምህር፣ እኔንም መዝግበኛ! ስድስት ወልጃለሁ፣ አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም።”

ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። እጄን ነጻ ለማድረግ ቅጹን ዓሣ መበለቻው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና በጥሬ ዕቃና በምርት መካከል ያለውን ልዩነት መተንተን ጀመርኩ። ጥሩ ትንታኔ ነበር። ስጨርስ ዞር ብል የቅጹ ግማሽ አባ ኮዳው ምንቃር ውስጥ ነው።

“ቅጼን!”

ወፉ ወደ ዛፎቹ፣ እኔ ወደ ወፉ። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በመጨረሻ ቆም ብሎ ሲያየኝ እጄን አጣምሬ “እባክህ፣ ሰነድ ነው” አልኩት። እውነቴን ነው፣ ብዬዋለሁ። አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጠው። ወደፊት ስራመድ የዓሣ ቅርፊት አዳለጠኝና ዘጭ አልኩ።

“መምህር፣ ወፉ ነገ ዲግሪ ይጭናል!” ብሎ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ላይ ጮኸ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። “ስሜ እኮ እዚያ ላይ ነው፤ ዋጠኝ!” አሉ።

ደግነቱ እኔ ቅጽ በሦስት ቅጂ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ሁለተኛውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያቺን አንድ ጭረት መለስኩ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። እያዘንኩ “ንግድ” ብዬ ልዘጋ ስል ጋሼ ካሜራቸውን አዞሩልኝ።

“እነዚህስ ይቆጠራሉ?”

ሦስት ፎቶ ነው። በአንዱ እሮጣለሁ። በአንዱ እለምናለሁ፤ ወፉም ፈቃድ እንደተጠየቀ አለቃ ቁልቁል ያየኛል። በሦስተኛው እግሬ ሰማይ ላይ ነው።

“ጋሼ! እኔ እንዲህ ስሆን እርስዎ ፎቶ ያነሳሉ?”

“እጄ ነው” አሉ አፍረው፤ “እሱ እኔን አያስፈቅድም።”

ዘዴው የራሴ ነውና ልጥሰው አልችልም። ከሙሽሮቹ ይለያል? በጣም። እርስ በርሱስ? ይለያል። ሦስት ጭረት ጨመርኩ፤ አራት ሆነ። “ፈጠራ” የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ሳደርግ ዓሣ የምትበልተዋ ሴት እልል አለች።

ማስረጃ ግዴታ ስለሆነ ፎቶዎቹን አያይዤ አስገባሁ። በስብሰባ ላይ በፕሮጀክተር ሲታዩ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉና “ይጽደቅ” አሉ። ዝርዝሩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደ፤ ጋሼም ከሐይቁ ዳር አልተነሡም። አሁን ደንበኞች “እንደ መምህሩ ያንሱን” እያሉ ያዟቸዋል አሉ።

አሁንም ዘዴዬ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ሰው ብቻ የሞከረው ዘዴ ገና ዘዴ አይባልም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ወይም ጠጉር ሠሪ ዘንድ ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ቁሙ፤ አዲስ ነገር ባያችሁ ቁጥር አንድ ጭረት ጫሩ። ሲያበቃም ከድምሩ ላይ በእናንተ ምክንያት የመጣውን ቀንሱ። እኔ ይህን መቀነስ እስካሁን አልቻልኩበትም፤ እስቲ እናንተ ሞክሩት።