የሐጂ ሸምሱ ቤት

ወሬው የደረሰኝ እዚህ ሰመራ፣ ከሥራ ወጥቼ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ስሄድ ነው። እኅቴ ከአርባ ምንጭ ፎቶ ልካልኝ ኖሮ ብከፍተው፣ ያደግንበት ቤት ቆርቆሮው ተነሥቶ፣ ዶዘር በአንድ ጎኑ ገብቶበት፣ የመኝታ ቤታችን ሰማያዊ ግድግዳ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የእናቴን ገመና አደባባይ ላይ ያየሁ ያህል አፈርኩና ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ መጣ፦ "መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለውን አልነበር፣ ይኸው ፈረሰልሽ። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ተብለናል፤ ከእማዬ በኋላ የቤቱ የቀበሌ ውል ባንቺ ስም ስለሆነ ውክልና ቶሎ ላኪ።" ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደውላለች። ውክልናውን ግን አልላክሁም። እሷ ስንፍና ትለዋለች፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ስንፍና አይደለም።

ግቢያችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከአባያ ሐይቅ በኩል የምትመጣውን ነፋስ የምንጠብቅበት አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረን፤ ፍሬው ሲበስል ጦጣዎች ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ፣ እኛም ከትምህርት ቤት መልስ የተነከሰውንና ያልተነከሰውን ስንለይ እንውላለን። ከፊት እኛ የምንኖርበት ሰፊ ቤት፣ ከጓሮ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ። ሰርቪሷ ውስጥ ሐጂ ሸምሱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰፊውን ቤት የሠሩት እሳቸው ነበሩ። ይህ እንዴት እንደሆነ ማንም አስቀምጦ አልነገረኝም፤ ከትልልቆቹ ወግ እየቃረምኩ ነው የገጣጠምኩት።

ሐጂ በጉርምስናቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ከአዲስ አበባ ክር እያስመጡ ለጨንቻ ሸማኔዎች የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። እናቴ ዘነበች የሸማኔ ልጅ ናት፤ ክር ሊገዛ ከሚወርድ አባቷ ጋር ከጨንቻ ደጋ ወርዳ፣ የሐጂን ልጆች ልታዝል እዚያው ቀረች፤ መኝታዋም ያቺ ሰርቪስ ነበረች። ደርግ መጥቶ ትርፍ ቤት ሲወርስ የቀበሌ ሰዎች ሐጂን "ሱቅዎ ጀርባ ክፍል አለዎት፤ መኖሪያዎ እሱ ነው፣ ይኼ ትርፍ ነው" አሏቸው። ሚስትና ልጆች ወደ ስልጤ ሄዱ። ቀጥሎ ክር በማኅበር ብቻ ይከፋፈል ተባለ፤ በመንገድ ላይ የነበረ ጭነታቸው ኬላ ላይ ተወረሰ፤ ሱቃቸው ውስጥ የቀረው ባዶ መደርደሪያና የቀበሌ መፈክር ነበር። ሱቁን ሲዘጉ ቀበሌው በራሳቸው ግቢ ሰርቪሷን አከራያቸው። ሰፊውን ቤት ደግሞ "ለጭቁኗ" ብሎ ለእናቴ ሰጣት። የተጨቆነችው እናቴ ግን ያን ቤት ስትጠርግ እስከ ዕለተ ሞቷ የሰው ቤት እንደምትጠርግ ነበር።

ሚስማር እንኳ ሳትጠይቅ አትመታም። እኔን ትልከኛለች። "ሐጂ፣ እማዬ መጋረጃ መስቀያ ልምታ ወይ ትላለች።" እሳቸው ከመስገጃቸው ቀና ብለው፣ "ቀበሌን ጠይቂ በያት! ባለቤቱ መንግሥት አይደል?" ይሉና ይስቃሉ፤ ከዚያ መዶሻቸውን አውጥተው ይሰጡኛል። "ቀስ አድርጋ ትምታው፤ ጭቃው ይፈረፈራል።" በረመዳን ተምር ይልኩልናል፤ እኛም በጾም ወራት የሽሮ ወጥ እንወስድላቸዋለን። ደፋችንን ግን አይረግጡም። ጉዳይ ካላቸው ከውጭ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ልጅ ሳለሁ ጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ደርግ ያለ አግባብ የወሰደውን ቤት የሚያጣራ ኮሚቴ መጣ ተባለ። ሰው ቤቱ ሲወረስ ይኖርበት እንደነበረ በምስክር ካስረዳ ይመለስለታል። የሐጂ ጎረቤቶች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ አገር ለቀዋል። አንድ ቀን ከሰዓት ደጃችን ላይ ቆመው እናቴን ጠሯት።

"ዘነቡ፣ ለሱብሒ ሶላት ስነሣ ውኃ የሚያሞቅልኝ ማን ነበር?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"የት?"

"እዚሁ ቤት።"

"እሷኑ ለኮሚቴው በይልኝ። ወላሂ፣ ሌላ አልጨምርብሽም።"

አባቴ ከውስጥ ይሰማል። የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ የነበረ፣ እርሻው ሲበተን ከሥራ ወጥቶ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ በጋሪ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ሐጂ ዞር እንዳሉ ፈነዳ። "አምስት ልጅ ይዤ ኩልፎ ዳር ሙዝ ቅጠል ሥር ልደር?"

"ታዲያ ልዋሽ ነው?"

"ማን ዋሺ አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ!"

"ተጠይቆ ዝም ማለት ምን ይባላል?"

"ብልሃት ይባላል!"

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። እናቴ ማለዳ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመጣለች፤ አባቴ ፊቱን ያዞራል፤ ሐጂ ከጓሮ ሲያስሉ ሁለቱም ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እኔ በልጅ አእምሮዬ፣ ጌታዬ ሆይ፣ ሐጂም ቤታቸውን ያግኙ እኛም አንውጣ እያልኩ እጸልይ ነበር፤ እሱ እንዴት እንደሚያደርገው ለእሱ ትቼ።

በቀጠሮው ቀን እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ይዛ እስከ ቀበሌው አዳራሽ ወሰደችኝና ደጁ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እንድጠብቃት አዘዘችኝ። በሩ ተዘጋ። የወንበር መጎተት፣ የወንዶች ሳል፣ "መጽሐፉን አስይዟት" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ትናገር አትናገር፣ ቀስ ብላ ትናገር፣ ከኒሙ ሥር አይሰማም። ሲወጡ ሐጂ ከፊት፣ እናቴ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ጥንት ዘንቢል ተሸክማ ትከተላቸው እንደነበረው ሆነው ሄዱ። ቤት ስንገባ አባቴ "ምን አልሽ?" አላት፤ "የሰሙት ይንገሩህ" አለችውና ራት ልታሰናዳ ገባች።

የሐጂ ማመልከቻ "በቂ ማስረጃ የለም" ተብሎ ተመለሰ። አባቴ እናቴ ዝም ብላ ነው ብሎ አመነ፤ በመጣ እንግዳ ሁሉ ፊትም ብልህነቷን አወደሰ። ግን የአንዲት የቀድሞ ገረድ ቃል ብቻውን በቂ አይደለም ተብሎም ሊሆን ይችላል። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆረበችም፤ ቅዳሴውን ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆማ ነበር የምታስቀድሰው። ይህን ሳስብ ዝም ብላለች እላለሁ። ደግሞ የሐጂ ተምር በዚያው ዓመት ረመዳን እንደ ወትሮው መጣ፣ እንዲያውም በዝቶ። ይህን ሳስብ ተናግራለች እላለሁ። ወይም ይቅር ብለዋት ይሆናል፤ እንደዚያ ያለ ሰው ነበሩ።

ሐጂ ሲደክሙ ልጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው፤ በተወለዱበት አገር ተቀበሩ። እናቴን በታመመችበት አልጋ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኋት። "ዳዊት ድገሚልኝ" አለችኝ፤ ደገምኩላት። አባቴም ተከተላት። ማንጎው ተቆርጧል። ሲቀላ ፎቅ በፎቅ ሆናለች ይሉኛል፤ ደስ ይበላት። እኔ የማስባት ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩ የተበደለው ሰውና ቤቱ የተሰጣት ሴት፣ ደርግ ያደረገባቸውን አንድም ቀን ስሙን ሳይጠሩ መዶሻ የሚዋዋሱባትን ሲቀላ ነው።

በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የተቀመጣችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ ወይም ልጆቻችሁ ካነበቡላችሁ እለምናችኋለሁ። እናቴ መጽሐፉን ይዛ ምን አለች? ተናግራ ከሆነ፣ ምትኩ ቦታ የሐጂ ልጆች መሆኑን የሚመሰክር የእናቴ ቃል አለኝና እኅቴን እጋፈጣታለሁ። ዝም ብላ ከሆነም፣ እናቴ ያልተናገረችውን እኔ የምናገርበት ጊዜ አሁን ነው። ቦታውን በሁለቱም መንገድ ለማን እንደምሰጥ አውቄያለሁ። የጨነቀኝ ጸሎቱ ነው፦ ለእናቴ ነፍስ ጧት ጧት ስቆም ላመስግንላት ወይስ ምሕረት ልለምንላት? ክፉም ቢሆን አትደብቁኝ።