የኤርጎ ጠብ በማጎ ወንዝ ዳር

ኤርጎ በአሪዎች ዘንድ የታወቀ ጎሽ ገዳይ ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ጠመንጃውን ወሰዱበት፤ የሚያድንበት ጫካም ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከለከለ። ቤቱ ሲራብበት ጊዜ፣ ነፍሳት በመረብ እየያዘ ሊያጠና ከአዲስ አበባ ለመጣው ለኃይለጊዮርጊስ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ወደዚያው ጫካ ገባ።

ገና በመጀመሪያው ጠዋት ተጣሉ።

«መረቡን አንተ ያዝ» አለው ኤርጎ።

«ማንን ነው አንተ የምትለው?»

ኤርጎ አማርኛ የለመደው ጂንካ ገበያ ነው፤ ከ«አንተ» ሌላ አያውቅም። ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ከዚያ ወዲያ ካልቸገራቸው በቀር አይነጋገሩም።

ሰውየው የሚፈልገው ፈረንጆች የነብር ስም ያወጡለትን ጥንዚዛ ነው። ሣር በሌለበት የወንዝ ዳር አሸዋ ላይ፣ ፀሐይ ሲበረታ ይወጣል። ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ እግሩ ቀጭንና ረጅም፣ ዓይኑ ጎላ ጎላ ያለ፣ መንጋጋው እንደ ማጭድ የተቆለመመ። ጉንዳን ሲያይ ይፈተለካል፤ ከፍጥነቱ የተነሣ ዓይኑ ስለሚጨልምበት ድንገት ቀጥ ይላል፤ አይቶ እንደገና ይሮጣል። ከያዘ አይለቅም። ሰው ሲጠጋው ብር ብሎ ትንሽ ራቅ ይልና ፊቱን ወደ አሳዳጁ አዙሮ ያርፋል። ገና ክንፍ ያላወጣው እጭም ከወላጁ አያንስም፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ የጉድጓዱን አፍ በራሱ ጭንቅላት ይደፍናል፤ የሚያልፉትን ነፍሳት ነክሶ ወደ ታች ይጎትታል።

ኤርጎ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። እዚያው ዳር ለጎሽ አድፍጦ ያደገው ሰው ሻንጣ ተሸክሞ ቆሟል፤ የሚያድነው ጥንዚዛ ነው።

«ጥላህ አበረረብኝ፤ ዞር በል» አለ ኃይለጊዮርጊስ። «ጉድጓዶቹንም እንዳትረግጥ።»

«የምረግጠው አገሬን ነው።»

ኤርጎ ሻንጣውን ጣለና እጮቹ ያሉበትን አሸዋ በተረከዙ ደፈጠጠው። ኃይለጊዮርጊስ የመረቡን ዘንግ አነሣ፤ ኤርጎ ገጀራውን ጨበጠ። ገላጋይ አልነበረም። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው ባለመረቡ ነው።

ኤርጎ ደሞዙን ሳይቀበል፣ እህልም ሳይቀምስ፣ ቤቱ ወዳለበት ወደ ገዘር በእግሩ ወጣ። ሚስቱ ሽታዬ ባዶ እጁን አይታ «ልጆቹስ ምን ይብሉ?» አለችው። በማግስቱ፣ ሲንቀው የኖረውን ሥራ፣ የአማቱን እንሰት ሊኮተኩት ወረደ። አማቱ ሶርሳ ከአጥር ማዶ ቆሞ ያየዋል። ኤርጎም ቀና ሳይል መኮትኮቱን ቀጠለ።