ጓዳ የተደፋው ሳፋ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ያ ከጓዳችን ይመጣ የነበረው የብረት ሳፋ ድምፅ፣ ጠብ ጠብ የሚለው፣ ጆሮዬ ላይ ይመለሳል። ንፋስ መውጫ ነበር የምንኖረው፤ ልጄ ብርቱካን ገና ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የእሷን ልጅነት ሳስታውስ የራሴ ፍርሃት አብሮ ይመጣብኛል።

ትልቁ ልጄ ዳኛቸው በበረሃ አድርጎ ሰው አገር ከወጣ በኋላ፣ መምህሩ ባለቤቴ ዋይፋይ የሚሉትን ሳጥን አስገብቶ ጓዳ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በጋውን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳሎን እንሰበሰብና፣ ዳኛቸው በስልኩ ፊቱን እያሳየ ያወራን ነበር፤ ሌላ መገናኛ አልነበረንም። እኔ ግን ሳጥኑን አላምነውም፤ ቀን ከሌት ዐይኑን የሚያርገበግብ ነገር ምን ሊሰልል ነው እያልኩ፣ ጓዳ ስገባ ነጠላዬን አስተካክል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ጣሪያችን ያፈስ ስለነበር፣ ሳጥኑ እንዳይርስ ብዬ የብረት ሳፋ ደፋሁበት። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ጠፋ። እሑድ ሲደርስ ብርቱካን ሳፋውን ገልጣ፣ ገመዱን ነቅላ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥራ መልሳ ትሰካና «ሠራ እማዬ! አረንጓዴው በርቷል!» ትል ነበር። እኔም ፍሳሹን ፈርቼ ቶሎ መልሼ እደፋበትና፣ በመሀረብ ጠቅልዬ የማስቀምጠውን ስልክ አምጥቼ ስከፍተው ኔትወርኩ ድርግም። ለእሷ ይሠራል፣ ለእኔ ይጠፋል። ሦስት እሑድ እንዲህ አለፈ።

በእኛ አገር መርዶ ለእናት በድንገት አይነገርም፤ የሰሙት ተደብቀው ይመካከሩና፣ ማለዳ ከነፍስ አባቷ ጋር ይመጣሉ። ልጄ ሞቶ፣ እኔ እንዳልሰማ ኔትወርኩን ሆን ብለው የሚያጠፉት መሰለኝ። ባለቤቴ ደጅ ወጥቶ ሲያወራ፣ ጎረቤቴ አለሚቱ እኔን አይታ ዝም ስትል፣ ሁሉንም እመዘግብ ነበር።

«ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?»

«እማዬ ደግሞ! ዝናብ ሁሉ መርዶ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር ብርቱካን።

አንድ ማለዳ፣ ስልኩን እንደከፈትኩ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ እንዳደርኩ፣ በሩ ተንኳኳ። አለሚቱና የነፍስ አባቴ ቆመዋል።

«ልጄን!» ብዬ መሬት ወደቅሁ።

«በስመ አብ! ምን ነካሽ ልጄ? የማኅበሩን ድግስ ልንማከር ነው የመጣነው!» አሉ አባ።

አላመንኳቸውም። አለሚቱ «ኧረ ውሃ!» ብላ ስትጮህ፣ ብርቱካን ጓዳ ሮጣ ያንኑ ሳፋ አንሥታ ውሃ ሞልታበት መጣች። ገና ሳትረጨኝ ስልኩ ደረቴ ውስጥ ይጮህ ጀመር፤ የሦስት ሳምንት መልእክት ተግተልትሎ ገባ። ብርቱካን የያዘችውን ሳፋ አየችና «ብረቱ ነው ኔትወርኩን ያፈነው! አንቺው ነሽ የምትከድኚው!» አለች። አባ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

እኔ ግን መልእክቱን ከፍቼ የዳኛቸውን ድምፅ እየሰማሁ ነበር። «እማዬ፣ ምነው ዝም አላችሁኝ? የሆንሽው ነገር አለ? ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?» እያለ ያለቅሳል። እዚያ ማዶ ሆኖ እሱም የእኔን መርዶ ይጠብቅ ኖሯል።

ዛሬ ጣሪያው ተጠግኗል፤ ብርቱካንም አድጋ ሥራ ይዛ ከቤት ርቃለች። መልእክት ስልክላቸው ሁለቱም ዐይኔን ከድኜ ሳልገልጥ «ደህና ነኝ እማዬ» ይሉኛል። ያኔ ዝም ሲሉ ነበር የምጠረጥረው፤ አሁን መልሱ ሲፈጥን ነው።